ለፓፓያው ዛፍ የነገሩት

ውድ የንካንዱ እናት፣

እርስዎን በቀጥታ ሳነጋግር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ልጅዎን ካገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ በዘጠኙም ዓመት አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም። እርስዎ በመንገድ ሲመጡ ካየሁ እኔ መንገድ ለቅቄ ቁጥቋጦ ውስጥ እገባለሁ፤ እኔ ግቢ ስገባ ደግሞ እርስዎ ፊትዎን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። በእኛ በቤምባዎች ዘንድ አማትና አማች የሚከባበሩት እንዲህ ነው። ከሞቱ በኋላ እንዲህ መዳፈሬ ያሳፍረኛል ብዬ ነበር። አላሳፈረኝም። ሰሞኑን ምንም አይሰማኝም። ጥርስ ሊነቀልለት መርፌ የተወጋ ሰው ጉንጩን ሲነካካ የሌላ ሰው ጉንጭ ይመስለዋል አይደል? እንደዚያ ነኝ። ይኸው ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው።

አንነጋገርም ማለት ግን አንግባባም ማለት አልነበረም። የማዕድን ከተማችን ሉዋንሽያ ሳለን ለእኔ የሚሉትን ሁሉ ለዶሮዎ ነበር የሚነግሯት። «ዶሮዬ፣ ያ ሰውዬሽ ዛሬ ጣራውን ካልጠገነ ዝናቡ የሚያበሰብሰው አንቺን ነው፣ እኔ እንደሆን አርጅቻለሁ» ይሏት ነበር፣ እኔ በመስኮቱ በኩል እንድሰማ ድምፅዎን ከፍ አድርገው። እኔም ቃል ሳልተነፍስ መሰላሉን ይዤ እወጣለሁ። ዶሮዋ በሌለችበት ለድስቱ፣ ድስቱ በሌለበት ለበሩ ይናገራሉ። አንድ ጊዜ ለመጥረጊያው «ልጄን ማታ ማታ የሚያስለቅሳት ካለ አንተን አንስቼ ነው የምቀጣው» ብለውት ሳምንቱን ሙሉ በጊዜ ቤቴ ገባሁ። ይህን የማነሳው እንዲያውቁልኝ ነው። ሁልጊዜም እሰማዎት ነበር። አንድም ቀን ያልገባኝ የለም።

የማዕድን ጉድጓዱ ሲዘጋ፣ የጉድጓዱን አሳንሰር ስጠግን የኖርኩት ሰውዬ ሉሳካ የፎቅ አሳንሰር ጠጋኝ ሆኜ ተቀጠርኩ። ንካንዱ «እናቴን ጥዬ አልሄድም» አለችኝ። «ማን ጥለሻት ነይ አለሽ?» አልኳት። ተከታትለን መጣንና አጎቴ ቤት ተጣብበን፣ እኔና ንካንዱ እግራችን እስኪነቃ ቤት ፍለጋ ዞርን።

ደላላችን ቴምቦ የሚባል አፈ ቅቤ ነበር። መጀመሪያ ያሳየን ኮረብታው ላይ ያለውን የካቱምባ ሰፈር ነው። ቧንቧው ውሃ አያቋርጥም፣ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ ሚኒባሱ በራፍ ላይ ይቆማል። በአቅማችን ያገኘነው ቤት ግን ሁለት ክፍልና አንድ በር ብቻ ነበር። ንካንዱ ዞር ዞር ብላ አየችና ወደደችው።

«እናቴ ሳሎን ትተኛለች» አለች።

«ሳሎን? እኔ ሱሪዬን ሳወልቅ ከግድግዳው ማዶ አማቴ? በአንድ በር ስንወጣ ስንገባ ልንጋጭ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ኧረ ሉሳካ ውስጥ ማን ያውቅሃል አንተን!»

«እሳቸው ያውቁኛል» አልኳት። ሳቀችብኝ።

ያ አማች ከአማቱ ጋር እንዲተያይ የሚፈቀድበት የማስገባቱ ድግስ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። የእርስዎ ወገን ሴቶች ያለውን ምግብ ሁሉ ሠርተው፣ እኔን አስቀምጠው ያጎርሱኝ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጅዎ እበላለሁ፣ ዓይንዎን እያየሁ አወራዎታለሁ። እርስዎ ለድግሱ ዓሣውን አድርቀው ሁለት ዓመት ጠብቀዋል። «መጀመሪያ ቤት እንግባና» እያልኩ ያዘገየሁት እኔ ነኝ።

ምፑንዱ የሚባለውን ሰፈር ያየን ቀን ቅዳሜ ነበር፣ ጥቅምት ውስጥ፣ ሙቀቱ አናት የሚበሳበት ጊዜ። ትንሿ ልጃችን ቾላ ትኩሳት ይዟት ንካንዱ ቀረች። «እናቴ ትሂድልኝ፣ የእሷ ዓይን ምንም አያመልጠውም» አለች። እኔ ከፊት፣ ቴምቦ መሃል፣ እርስዎ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ሆነን ሄድን። ቴምቦ አንድ እኔን አንድ እርስዎን እያየ ይስቃል።

«እናንተ ቤምባዎች ዝንጀሮ መብላት አያሳፍራችሁ፣ አማት ስታዩ ግን ትደነብራላችሁ!»

«አንተ አይጥ በላተኛ ስለ እፍረት ምን ታውቃለህ? ቁልፉን ክፈት» አልኩት፤ የእሱ የምሥራቅ ሰዎችና እኛ እንዲህ የምንሰዳደበው ለጨዋታ ነው።

ከኋላ ሲስቁ ሰማሁ። ሳቅዎን እንዲያ በቅርብ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤቱ ልክ የፈለግሁት ነበር። ሦስት ክፍል፤ ከጓሮ ደግሞ ለብቻዋ የቆመች አንዲት ክፍል፣ የራሷ በር፣ የራሷ መጸዳጃ ያላት። ግድግዳው ሁሉ አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። መሬቱ ከመድረቁ የተነሳ ተሰነጣጥቋል። ልቤ እዚያው አረፈ። እርስዎ እንደ ወጉ ጀርባዎን ሰጥተውን ጓሮ ካለው የፓፓያ ዛፍ ፊት ቆመው ነበር። ከዚያ መናገር ጀመሩ።

«አንተ ፓፓያ፣ ይሄ ወገብህ ላይ የታጠቅኸው ጭቃ ምንድነው? እ? ግድግዳውን ቀለም ቀቡትና አንተን ረሱህ አይደል? ውሃው እዚህ ድረስ የሚያቅፍህ ከሆነ ሰው አልጋውን የት ይዘርጋ? መጸዳጃው ሞልቶ ሲወጣ ልጆች በየት ይሂዱ? ንገረኛ! ዝም ትላለህ?»

ዞሬ አየሁት። የደረቀ የጭቃ መስመር፣ ከጉልበቴ በላይ፣ ዛፉን ዙሪያውን ይዞታል። ቴምቦም አየ። እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ ትክ ብሎ ተመለከተኝና ሳቅ አለ።

«እማማ ከዛፍ ጋር ነው እንዴ የሚያወሩት?»

«ልማዳቸው ነው፤ ከዶሮም ጋር ያወራሉ» አልኩት።

ሳቅን። ሁለታችንም ሳቅን፣ እርስዎ እየሰሙ።

ለምን እንደዚያ አልኩ? ደክሞኝ ነበር፣ ሦስተኛው ቅዳሜያችን ነው። ሌላም አለ፤ እውነቱን ልንገርዎት። በድስት በኩል መመከር ሰልችቶኝ ነበር። በመካከላችን ግድግዳ ፈልጌ ነበር፣ ወፍራም ግድግዳ። ደግሞ ለቤተሰቤ ቤት የምመርጠው እኔ ነኝ ብዬ ልቤ አበጠ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ወጉ ራሱ ይፈቅድልኝ ነበር፤ እርስዎ ያናገሩት ዛፉን ነው፣ እኔን አይደለም።

ማታ እራት ላይ ንካንዱ ጠየቀችኝ። «እሺ፣ እናቴስ ምን አለች?»

እርስዎ ደጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በሩ ክፍት ነው።

«ወደዱት» አልኳት።

ከደጅ ሳል ሰማሁ። ያን ጊዜ አፍዎን ከፍተው ቢሆን በሚስቴ ፊት ውሸታም ያደርጉኝ ነበር። እርስዎ ግን ባልና ሚስት ላለማጋጨት ብለው ዋጡት። ምፑንዱ ከገባን በኋላ ስለ ቤቱ ለዶሮም ለድስትም ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እኔም ነገሩ አለፈ ብዬ ተኛሁ።

በዝናቡ ወር በጥር ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። ውሃው በበር ስር ገባ፣ አልጋዎቹን በጡብ አነሳናቸው፣ በማግስቱ ጡቡ ላይ ሌላ ጡብ ጨመርን። መጸዳጃዎቹ ሞልተው ከጎርፉ ጋር አንድ ሆኑ። ሰፈሩ ኮሌራ ገባበት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ንካንዱ ቾላን አጎቴ ዘንድ አድርሳ በዚያው ዳቦ ቤት ሥራዋ ሄደች። ሦስት ሰዓት ላይ ከክፍልዎ ሲያስመልስዎት ሰማሁ። ሄጄ በርዎ ላይ ቆምኩ። አማች አማቱ ክፍል አይገባም። አንዲት ሴት ብታልፍ፣ ጎረቤት ብትመጣ ብዬ ጠበቅሁ፤ ሁሉም የራሱን ዕቃ ያወጣል። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። የጤና ሰዎቹም በኋላ ጠይቀውኝ ነበር፣ አላውቅም አልኳቸው።

ከዚያ ገባሁ። እርስዎ እኔን ሲያዩ ያደረጉት የመጀመሪያ ነገር ቺቴንጌዎን ከትከሻዎ ስበው ፊትዎን መሸፈን ነው። አዘልኩዎት። ክብደት አልነበረዎትም። ውሃው ውስጥ ስሮጥ ከኋላዬ ድምፅዎ መጣ፣ ቀጭን ሆኖ።

«ይሄ መንገድ ምን አስቸኮለው? ቀስ አይልም?»

ቀስ አልኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በስሜ አልጠሩኝም። የኮሌራ ሕክምናው ድንኳን በር ላይ ነርሷ «ምንህ ናቸው?» አለችኝ። «እናቴ» አልኳት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። በማግስቱ አረፉ።

መቃብርዎን መቆፈር እንደ አማችነቴ የእኔ ሥራ ነበር። አልፈቀዱልኝም። ነጭ የለበሱ ሰዎች በፕላስቲክ ጠቅልለው ወሰዱዎት፣ ንካንዱ ገላዎን አላጠበችም፣ ለቅሶ መቀመጥም ተከልክሎ ነበር። ሦስታችን አጎቴ ቤት ግድግዳ እያየን ተቀመጥን። ሰው አልቅስ ይለኛል፤ እኔ ግን ሥራ እሄዳለሁ፣ አሳንሰር እጠግናለሁ፣ ንሺማዬን በልቼ እተኛለሁ።

ንካንዱ ግን እንደ እኔ አይደለችም። እየከሳች ነው። «እኔ ብሄድ ኖሮ ትነግረኝ ነበር» ትላለች፣ ቀን በቀን። «የእናቴ ዓይን እንዴት ያን ሳያይ ቀረ? ወይስ አየችና የሚሰማት አጣች? ለማን ትንገረው፣ እኔ የለሁ!» እኔ «ተይ እንጂ» እላታለሁ። ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስገባ ቾላን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን ትሠራታለች። «ያን ቀን አንቺ ባትታመሚብኝ ኖሮ» አለቻት፣ በለሆሳስ፣ ሌላ ነገር የምታወራ ያህል። የስድስት ዓመት ልጅ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ትኩሳቷን ለካች። እሱን ሳይ የሆነ ነገር ተሰማኝ። ከሁለት ወር ወዲህ የተሰማኝ እሱ ብቻ ነው፣ ደስ አይልም።

ትናንት ቴምቦ ደወለ። የካቱምባው ቤት፣ የኮረብታው፣ እንደገና ተለቅቋል። ሁለታችን ሄደን አየነው። ዝናብ ነበር፤ ውሃው በደጁ አልፎ ቁልቁል ይወርዳል፣ ግቢው ውስጥ አይቆምም። ንካንዱ ደፉ ላይ ቆማ ሁለቱን ክፍሎች አየች።

«አሁንማ አንድ በር ይበቃናል» አለች።

ቀና ብላ አላየችኝም። ለሰኞ መልስ እንድንሰጥ ተቀጠርን። አከራይዋ ስንት ሰው እንደሚገባ ማወቅ ትፈልጋለች አለን ቴምቦ።

እኔ ሌላ ቤት መምረጥ አልችልም፤ ይህን ነገር ይዤ ግን ልጅዎ አጠገብ በአንድ በር መግባትም አልችልም። ማንበብ እንደማይችሉ አውቃለሁ። ድሮም ደብዳቤ ሲመጣልዎት የምታነብልዎት ንካንዱ ነበረች። ከእኔ ወደ እርስዎ የሚሄድ ነገርም በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ወጉ እንደዚያ ነው፣ ይህን አንዱን እንኳ ላክብርልዎት። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እሰጣትና «ለእናትሽ ነው፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው» እላታለሁ። ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ ያን የምጠይቅበት አፍ የለኝም። አፈሩ ይቅለልዎት፣ እማማ።

ንካንዱ፣ እዚህ ድረስ ካነበብሽ፣ እናትሽ አይታለች፤ ተናግራለችም። የሰማሁት እኔ ነኝ። ዋሽቼሻለሁ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ ለቾላም ይህንኑ ንገሪያት፣ ዛሬውኑ። ሰኞ ለቴምቦ ስንት ሰው እንደሚገባ የምትነግሪው አንቺ ነሽ።

አማችዎ
ካፔምብዋ