ኮምፒውተር መግባት ያቃታቸው የግድግዳችን ፎቶዎች

ለተከበሩ የግንባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች በሙሉ ደኅና እንደሆናችሁ፣ የምትተኙበት ክፍል ግድግዳም እንደቆመ እንዳለ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ፣ ማለትም እናቴ፣ ታላቅ እህቴና እኔ፣ ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ደኅና ነን። ከዚያ በኋላ ስላለው ጊዜ መናገር የእርስዎ ሥልጣን ስለሆነ አልደፍርም።

ደብዳቤዬን በጋዜጣ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ወደ ቢሮዎ የሚገባ አቤቱታ ሁሉ በኮምፒውተር በኩል እንዲገባ ታዟል፤ ጋዜጣ ግን እስካሁን በተላላኪ እጅ ከጠረጴዛዎ እንደሚደርስ ሰምቻለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤታችን ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ በአንደኛው ክፍል እኔ እሰፋለሁ፣ በሌላው እናቴ ትተኛለች። እናቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ አትነሳም። ሁለቱም ክፍሎች የሚጋሩት አንድ የድንጋይ ግድግዳ አለ፤ ከግድግዳው ውጭ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ከመተላለፊያው ማዶ ደግሞ አንድ ባለሀብት፣ በእርስዎ ፊርማ በተሰጠው ፈቃድ፣ የፎቅ መሠረት እያስቆፈረ ነው። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር መተላለፊያው ሰመጠ፤ መተላለፊያው በሰመጠ ቁጥር ግድግዳችን ወደ ውጭ አዘነበለና ተሰነጠቀ።

እህቴ አርቃ የምታስብ ሰው ናት። መቆፈሪያው ማሽን በመጣበት ዕለት፣ ገና አንድ እፍኝ አፈር ሳይነሳ፣ «የሰው ነገር አይታወቅም» ብላ በባለ ቁልፍ ስልኳ ግድግዳውን ፎቶ አነሳችው። ስንጥቁ ከታየ በኋላም፣ መለኪያ እንዲሆን እጇን እያስገባች፣ በየጊዜው አነሳችው። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ምንም ስንጥቅ የለም። በሁለተኛው የትንሿ ጣቷ ጫፍ ገብቷል። ቀጥሎ ሁለት ጣት። በመጨረሻው እጇ እስከ አንጓዋ ድረስ ግድግዳው ውስጥ ነው። ስፌት ሲተረተር ሳይ ስለኖርኩ፣ እዚህ ደረጃ የደረሰ ነገር በመርፌ እንደማይመለስ አውቃለሁ።

የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዝናብ ሳይገባ ባለሙያ መጥቶ ግድግዳውን እንዲያይ፣ እስኪያይም ቁፋሮው እንዲቆም። «እናታችሁን ለምን አታዛውሯትም?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አልጋዋን ከግድግዳው ክፍሉ በፈቀደው መጠን አርቀነዋል፤ ክፍሉ የፈቀደው አንድ ወንበር የሚያስቀምጥ ቦታ ነው። በጓሮ ያለችው ማድ ቤት አልጋ አታስገባም፤ መሬት ላይ መተኛት ደግሞ ለተሰበረ ዳሌ ሌላ ስብራት ነው። እናቴም «እኔ ከዚህ ክፍል የምወጣው ስሞት ነው» ብላ ቁርጧን ነግራናለች።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ በመስኮት በኩል ባለጉዳይ የሚያስተናግደውን ሠራተኛዎን አመሰግናለሁ። እህቴ ስልኳን በመስኮቱ አሾልካ ስትሰጠው አላንጓጠጣትም። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ ደግሞ አርቆ፣ ደግሞ አዘንብሎ ካየ በኋላ «እትዬ፣ ይሄ ግድግዳ ነው ወይስ ብስኩት?» ሲል በትሕትና ጠየቃት። የስልኩ መስታወት ከክብሪት ቀፎ ስለማይበልጥ ጥያቄው ተገቢ ነበር። እህቴም «ብስኩት ቢሆንማ፣ ልጄ፣ እናቴ ላይ ይወድቃል ብዬ ባልፈራሁ» አለችው። ከዚያ በኋላ አሠራሩን በሚገባ አስረዳን። ስንጥቁ ከቤቱ ጋር ያረጀ ሊሆን ስለሚችል ቀድሞ እንዳልነበረ በፎቶ መረጋገጥ አለበት። ባለሙያ የሚላከው ፋይል ሲከፈት ነው፤ ፋይል የሚከፈተው ፎቶው ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ከወረቀት ነፃ ስለሆነ የታተመ ፎቶ አይቀበልም። ይህንኑ የሚገልጽ ማስታወቂያ በሩ ላይ፣ በወረቀት፣ ማኅተም አርፎበት ተለጥፏል።

ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሮችዎ ከበሽታ ስለሚጠበቁበት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ፎቶዎቹን ከስልኩ ለማውጣት በመጀመሪያ የሄድነው የሰፈሩ ሰው «ዶክተር» ብሎ ወደሚጠራው ስልክ ጠጋኝ ነበር። ዶክተር ከአሮጌ ገመድ ክምር ውስጥ ለእህቴ ስልክ የሚሆን አንድ ገመድ አገኘና ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። ስልኩ ባትሪውን መሙላት ጀመረ፤ ኮምፒውተሩ ግን ስልኩን አላየውም። ዶክተር «ይሄ ገመድ ያበላል እንጂ አያናግርም» ብሎ ነቀለው። የቀረው መንገድ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ወደ ሚሞሪ ካርድ ማዛወር ነበር። በዚያ ስልክ ላይ የሚያዛውረው ትእዛዝና የሚያጠፋው ትእዛዝ ላይና ታች ተደርድረዋል፤ ቁልፎቹም ከማርጀታቸው የተነሳ አንዴ ሲጫኗቸው አንዳንዴ ሁለቴ ይሄዳሉ። ዶክተር በተጫነ ቁጥር እህቴ ዓይኗን ትጨፍናለች። ስንጥቅ የሌለበት ያ የመጀመሪያው ፎቶ ቢጠፋ ግድግዳው በማን ምክንያት እንደተሰነጠቀ የሚናገር ምስክር በዓለም ላይ እንደማይኖር ሁላችንም እናውቅ ነበር። ተሳካ። ዶክተር ላቡን ጠረገና ሁሌም እንዲህ ቀላል እንደሆነ ነገረን።

ከጥፍር የማትበልጠውን ካርድ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጨርቁን በመርፌ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ አስይዤ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። በዚያም የኮምፒውተሮቹ ቀዳዳ ሁሉ በፕላስተር እንደታሸገ ተመለከትኩ። ካርዱ ቫይረስ ሊኖረው እንደሚችል፣ አንድ ኮምፒውተር ከታመመ ሌሎቹም እንደሚታመሙ ተነገረኝ። እናቴ ላይ ስለሚወድቀው ድንጋይ ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ነገር ግን በሽተኛ ባለበት ቤት ጮክ ብሎ መናገር ነውር ነው ብዬ ተውኩት።

ሦስተኛ፣ ስለ ፈጣን ምላሻችሁ። ፎቶዎቹን በኢሜይል እንድልክ በተመከርኩት መሠረት ከኢንተርኔት ቤት ላክኋቸው። ከወንበሩ ሳልነሳ መልስ መጣ። እንዲህ ያለ ፍጥነት በጽሕፈት ቤትዎ አይቼ ስለማላውቅ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። መልሱን የጻፈው ኮምፒውተሩ ራሱ ሲሆን፣ ፎቶዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ እንደማይቀበላቸው ገልጿል። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት አዝኖልኝ ፎቶዎቹን ለጠጣቸው። ሲለጠጡ ግድግዳው ጠፋና የዳማ መጫወቻ የመሰሉ አራት ማዕዘኖች ቀሩ፤ የእህቴ እጅም ከድንጋዩ ጋር ተቀላቀለ። ጥሩ ስልክ የሌለው ሰው ግድግዳም እንደሌለው የተረዳሁት ያኔ ነው።

በዚያው ሰሞን እናቴ ግድግዳው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ነገረችን። መጀመሪያ ላይ በእርጅናዋ አመካኘን። ከዚያ እህቴ ጆሮዋን ድንጋዩ ላይ አስደግፋ ሰማች፤ እኔም ሰማሁ። ከውስጥ አሸዋ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ጥቂት ያርፋል፤ ደግሞ ይወርዳል። ልክ ንግግር ሊጀምር እንደተዘጋጀ ሰው ነው። ማሽኑ ቆሞ በሚያርፍበት ሰዓት ደግሞ ይብሳል።

አራተኛ፣ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ። ይህኛው ምስጋና ከልቤ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀልብኝ እለምናለሁ። እህቴ በመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ማልቀስ ስትጀምር ከወንበሯ ተነሥታ የመጣች እርሷ ብቻ ናት። «እትዬ፣ ተነሺ፤ እኔ ዘዴ አለኝ» ብላ ካርዱ የተመለሰበትን የእህቴን ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስተኛችና፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተች፣ በራሷ ትልቅ ስልክ የትንሿን ስልክ መስታወት ፎቶ አነሳችው። የፎቶ ፎቶ መሆኑ ነው። በትልቅ ስልክ የተነሳ ትልቅ ፎቶ ስለሆነም ኮምፒውተሩ ሳያንገራግር ዋጠው። ፋይል ተከፈተ። እህቴ ሠራተኛዋን ደጋግማ ሳመቻት፤ እኔም ወደ ቤት ስንመለስ እግሬ መሬት የረገጠ አልመሰለኝም። ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ የእርሷ ጥፋት ስላልሆነ፣ እንዳይቀጧት እማጸናለሁ። ቅጣት የሚገባው ደንብ ቢኖር እንኳ፣ እባክዎ በኮምፒውተር በኩል ይሁንና ትንሽ ነው ተብሎ ይመለስ።

አምስተኛ፣ ውሳኔውን አነበብኩ። ውሳኔው እንዲህ ይላል፤ «በቀረቡት ፎቶዎች ላይ የግድግዳ ስንጥቅ አልታየም። የሚታየው የአንዲት ሴት ግማሽ ፊትና በርቶ ያለ የጣሪያ አምፖል ነው። ስለዚህ ፋይሉ ተዘግቷል።» የውሳኔውን ትክክለኛነት መካድ አልችልም። የስልክ መስታወት መስታወት ነው፤ ከላይ ሲያነሱት ያነሳውን ሰው ያሳያል። የባለሙያዎችዎ ዓይን እዚህ ላይ አልተሳሳተም። ነገር ግን ያቺ ሴት ከእነርሱ ሁለት ጠረጴዛ አለፍ ብላ የምትቀመጠው ባልደረባቸው፣ አምፖሉም ከራሳቸው አናት በላይ የተንጠለጠለው አምፖል ነበር። አንዳቸውም ቀና ብለው ማየት አላስፈለጋቸውም።

ክቡር ሆይ፣ ይህንኑ ውሳኔ ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቢሮዎ በገባሁ ጊዜ በክብር ተቀብለውኛል፤ ወንበርም ሰጥተውኛል። ነገሩን በሙሉ ሰምተው ሲያበቁ «ወንድሜ፣ እኔ የማየው ሲስተሙ ያሳየኝን ነው» አሉኝ። ከጀርባዎ መስኮት ነበር። በመስኮቱ ጣሪያችን ይታያል፤ ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ የተጫነበት ያ የዛገ ቆርቆሮ የእኛ ነው። ከጎኑ የማሽኑ ክንድ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥር ቆርቆሮው ላይ አቧራ ይነሳል። ጣቴን ዘርግቼ አሳየሁዎት። እርስዎም ዘወር አሉ። የማይሆን ተስፋ ነው እንዳይሉኝ እንጂ፣ ያዩናል ብዬ ነበር። ፀሐይዋ ስክሪንዎ ላይ እያንጸባረቀች አስቸግራዎት ኖሮ መጋረጃውን ስበው ዘጉት።

ስለዚህ የማቀርበው ጥያቄ ኮምፒውተር አይፈልግም። መጋረጃውን እንዲገልጡት ብቻ ነው። ጊዜ ካለዎትም ደረጃውን ወርደው፣ መንገዱን ተሻግረው፣ እጅዎን እህቴ እጇን ባስገባችበት ቦታ እንዲያስገቡ እጋብዛለሁ። ሰማዩ ከትናንት ጀምሮ ጠቁሯል። ስንጥቁ የእርስዎን እጅ ከነእጅጌው እንደሚያስገባ በሙያዬ አረጋግጥልዎታለሁ።

ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ጣሪያዎ የማያፈስ፣ ስክሪንዎ ፀሐይ የማያገኘው እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ያጠፋሁት ቃል ቢኖር እንደ ፎቶዎቼ ትንሽ ነው ብለው እንዲያልፉት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

የሲስተምዎ ታማኝ ባለጉዳይ፣
ከመስኮትዎ በታች ባለው ቆርቆሮ ሥር የሚኖረው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ይህ የተጨመረው ደብዳቤው ለኅትመት ከተላከ በኋላ ነው። ዝናቡ ገባ። ጠዋት እናቴ ብርድ ልብሷ ላይ የወረደውን አሸዋ በእጇ አራገፈችና፣ «ከዚህ ክፍል የምወጣው ስሞት ነው» ያለችው ሴት «ግድግዳው ጉሮሮውን ጠርጎ ጨርሷል፤ ዛሬ ይናገራል። አውጡኝ» አለችን። እህቴና እኔ ከነፍራሿ ተሸክመን ማድ ቤት አስገባናት። ከቀትር በኋላ ግድግዳው ወደ መተላለፊያው ወደቀ፤ ጣሪያው ተከትሎ አልጋዋ ላይ ወረደ። እናቴ በሕይወት አለች፤ ዳሌዋን ያማታል።

በማግስቱ የጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ በቦታው ተገኝቶ ፍርስራሹን በትልቅ ስልክ ፎቶ አነሳ። ፎቶው ኮምፒውተር ገብቶ፣ ፋይል ተከፍቶለት፣ በቀለም ታትሞ ለመመለስ ከምሳ ሰዓት አላለፈም። የሕዝብ መተላለፊያ በድንጋይ ስለዘጋን በአስቸኳይ እንድናነሳ የሚያስጠነቅቅ ወረቀት ነው፤ የተለጠፈው በራችን ላይ ነው። በሩ ከነመቃኑ ቆሟል፤ ግድግዳ ብቻ ነው የሌለው። በፎቶው ላይ ከፍርስራሹ ኋላ የእናቴ አልጋ፣ ቆርቆሮው የረገጠው ትራስ ሳይቀር፣ ጥርት ብሎ ይታያል። ለጥራቱ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከወረቀቱ ግርጌ እንደተጻፈው ቅሬታ ካለን ፎቶ በኮምፒውተር ማቅረብ ስለምንችል፣ ይህንኑ የእናንተን ፎቶ እንልካለን፤ ትንሽ ነው እንደማይባል ተስፋ አለን።