ለሐኪሙ ያልነገርኩት ጉንፋን

ኅዳር 18፣ ደብረ ብርሃን

ደክሞኛል። ጠዋት ሐኪሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። ባለፈው ሳምንት የሰጠሁት ደም ውጤት መጥቷል። የነርቭ ሕመሜ፣ መልቲፕል ስክለሮሲሱ፣ ሊያገረሽ ሲል ደም ውስጥ ከፍ ይላሉ የሚላቸው የሰውነት መከላከያ ምልክቶች ጨምረዋል።

"እርግጠኛ መሆን ግን አይቻልም፤ ጉንፋንም ከፍ ያደርጋቸዋል። ያን ሰሞን አሞሽ ነበር?" አለኝ።

"ኧረ ደህና ነበርኩ" አልኩት።

ዋሸሁ። ደም የሰጠሁት አፍንጫዬን እየጠረግሁ ነው። ከዚያ በፊት ለአምስት ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ አባባ ጸበል እየወሰዱ አስጠምቀውኛል። ቄስ ናቸው፤ እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ሐኪሙ ደግሞ ብርድ እንዳይመታሽ ሲለኝ ነው የከረመው። አሁን በእኔ ውሸት መድኃኒቱን ወደ ከባዱ ሊቀይርብኝ ነው።

ከሰዓት፣ ብርዱ የመታኝ ጸበሉ ላይ መሆኑን ለአባባ ልነግራቸው ስል ሳል አጣደፋቸው።

"እርስዎንም ብርድ መታዎት?"

"አንቺ ስትወጪ እኔም እገባ ነበር" አሉ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። "የእሷን ለእኔ አድርገው እያልኩ።"

ልነግራቸው ያሰብኩትን ተውኩት። ስልኬን አንስቼ ለሐኪሙ ደወልኩ።

"ዶክተር፣ ለካ ጉንፋን ነበረብኝ።"

"እንግዲያው መድኃኒቱን አንነካም። ሲሻልሽ ደሙን ድጋሚ ትሰጫለሽ። በምን ያዘሽ?"

አባባ አጠገቤ ናቸው።

"እንጃ። የደብረ ብርሃን ብርድ ነው" አልኩት።

"እውነት ነው፤ ዘንድሮስ ብሶበታል" አሉ አባባ።