«ሁለቱም ወገኖች ይታገሡ»

ሚያዝያ 12 ቀን 1929፣ አንኮበር። ጧት።

«የጻፉት ደብዳቤ ደርሶን ተመዝግቧል። ይህ ጽሕፈት ቤት ከመንግሥት እንጂ ከግለሰብ የሚቀርብለትን አቤቱታ የመመርመር ሥልጣን የለውም። ሆኖም ሁለቱም ወገኖች በትዕግሥት እንዲጠባበቁ ያለንን ልባዊ ተስፋ እንገልጣለን።»

ይኸው ነው። ከፈረንሳይኛው ቃል በቃል መለስሁት፤ ያጎደልሁት የለም። በጥቅምት ለጻፍሁት ዘጠኝ ገጽ ሦስት ዓረፍተ ነገር። ፊርማ የለውም፤ የተጫጫረ ምልክት ብቻ። ስሜንም አበላሽተውታል።

ላኪው መንግሥታት ሁሉ ጦርነት እንዳይነሣ የተማማሉበት ማኅበር ነው። ስሙን አልጽፍም። ደብተር ሆይ፣ ብትያዝ የምትናገረው ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ባለቤቴንም ዘ. ብዬ አልፋለሁ። የልጄን ስም ግን በሙሉ እጽፋለሁ፤ ግርማ። እሱማ ተይዟል። የሚያውቁትን ምን ብዬ እደብቃለሁ።

ሁለቱም ወገኖች። አንደኛው ወገን ግርማ ነው፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ደብረ ብርሃን ምሽግ ውስጥ፣ ያለ ክስ፣ ከመስከረም ጀምሮ። ሁለተኛው ወገን ምሽጉ ነው። ምሽጉም እንዲታገሥ ተስፋ ያደርጋሉ።

ለዛሬ ይብቃኝ።

ሚያዝያ 14። ከቀትር በኋላ።

ዘ. ከደ/ብርሃን ተመለሰች። እግሯ አብጧል። ከስንቁ ዘበኛው ግማሹን አስቀርቶ ግማሹን አስገባላት። ግርማን አላየችውም። ጋቢውን ግን አጥቢ ብለው ሰጧት፤ ስለዚህ በሕይወት አለ። ጋቢው ላይ ደም ፈለግሁ። የለም። ቅማል ብቻ። በቅማል ደስ የሚለኝ ቀን ደረሰ።

ከዚያ ወሬው። አስተርጓሚው ለብቻዋ ጠርቶ ነግሯታል። አባትየው ከገባና ለመገዛት ከፈረመ ልጁ ይለቀቃል። እስከ ግንቦት 10 ካልመጣ እስረኞቹ በካሚዮን ወደ ባሕር ጠረፍ ይጫናሉ። ከዚያ የተመለሰ ሰው አላውቅም።

እሷ ሂድ አላለችም። አትሂድም አላለችም። ጋቢውን ይዛ ወንዝ ወረደች።

ከየካቲት ወዲህ ባሕር ማዶ የተማረ ሁሉ ይታደናል። እኔ ፈረንሳይ አገር ሕግ የተማርሁ፣ ከአምሳ ያለፍሁ፣ በአማቶቼ ጓዳ የተሸሸግሁ። ከሰላ ድንጋይ ሁለት ሰዎች የምሕረት ቃል ተሰጥቷቸው እጃቸውን ሰጥተው ነበር። ቃሉን የሰጣቸው መኰንን በማግሥቱ ተዛወረ አሉ። የተተካው ሰው እኔ ምንም አላልሁም አለ። ሁለቱ አልወጡም።

ውሻ በጮኸ ቁጥር እነሣለሁ። ጎረቤት ሲያስል እንኳ መብራቱን አጠፋለሁ።

ሚያዝያ 17። አሊዩ አምባ ደርሶ መልስ።

የገበያ ቀን። ጨው ገዢ መስዬ ቁልቁለቱን ወረድሁ። ሐጂ ጋ። በጥቅምት ደብዳቤዬን ከግመሎቹ ጋር ወደ ጅቡቲ ያሻገረልኝ፣ መልሱንም በአሞሌ ጭነት መካከል ሸሽጎ ያመጣልኝ እሱ ነው። የሠላሳ ዓመት ወዳጄ። ሀብታም፣ ኩሩ፣ ጢሙን ሒና የሚቀባ፣ በእኔ መማር መቀለድ የማይሰለቸው።

መልሱን አነበብሁለት። አስደገመኝ። ይህ ማኅበር ምንድን ነው አለ። አስረዳሁት፤ አንዱን አባል የነካ ሁሉን እንደ ነካ ይቆጠራል ብለው ፈርመዋል። ጫቱን እያላመጠ ሰማኝ።

«ፊት ፊት የሚሄደው ማነው?»

የሚሄድ የለም አልሁት። የሚሰበሰቡ አሉ።

«ወላሂ ሊቄ፣ ያለ አባን ነው ግመል የነዳችሁት።»

አባኑን አውቃለሁ፤ የቆላው መንገድ ያለ እሱ አይኬድም። ካገሩ ጎሣ አንድ ሰው ከነጋዴው ፊት ይሄዳል። ነጋዴው ከተነካ የተነካው እሱ ነው፤ ጎሣው ደሙን ይመልሳል። ግን ተከራከርሁ። አባን የሚሄደው ከጭነቱ ድርሻ ስላለው ነው። በእኛ ጭነት ላይ የማንም ጨው አልነበረም። የጎደለው አንቀጽ አይደለም፤ አንቀጾቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ፣ ያምራሉ። ለሁለታችሁም መሣሪያ አንሸጥም አሉ፤ አንዱ ፋብሪካ አለው፣ ሌላው የለውም። ለወራሪው አውሮፕላን ነዳጅ አልከለከሉትም። ጥቂት የከለከሉትንም ዓምና ክረምት መልሰው ፈቀዱለት። ጮኬ ነበር መሰለኝ፤ ሐጂ በሩን ዘጋው።

ቀስ ብሎ አባኑም ይከዳል አለኝ። ሽፍታው የአክስቱ ልጅ የሆነ ዕለት አባኑን ሆዱን ይቆርጠዋል። ዛፍ ሥር ይተኛና እናንተ ቅደሙ፣ እደርስባችኋለሁ ይላል።

«ያንተም ትልልቆቹ ሆዳቸውን ቆርጧቸው ነው። ሽፍታው ዘመዳቸው ነዋ።»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ስለ ግርማ ነገርሁት።

ሐጂ ለምሽጉ ገብስ ያቀርባል። አዛዡ በስሙ ይጠራዋል። ለመንሁት። ስገባ ከፊቴ ሂድ፤ ልጁ ከበር ሳይወጣ እንዳልያዝ አንተ ዋስ ሁን። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ቃላቱ አፌ ውስጥ እንደ ጥሬ ገብስ ነበሩ።

ጢሙን አሻሸ። ኢንሻአላህ፣ መልስ እልክልሃለሁ አለ።

ሚያዝያ 19።

የሐጂ የወንድሙ ልጅ መጣ፤ ግመሎቹን የሚነዳው ጎልማሳ። ሐጂ ታሟል። ሆዱን ቆርጦታል።

ይህንኑ ቃል በል ብሎህ ነው ወይ አልሁት። መሬት መሬት አየ።

በቅሎ ልኮልኛል፤ ከነኮርቻዋ፣ ስንቅ ተጭኖባት። ለመሸሻ ይሁን ለመግቢያ አልተናገረም።

ቀኑን ሙሉ ልጠላው ሞከርሁ። ከፊቴ ቢሄድ ገብሱ ይቀራል፤ ከገብሱም በኋላ ቤቱ ይቃጠላል። ፈርቷል። ግን የፈራ ሰው ታምሜአለሁ ይላል። ሁለታችሁም ታገሡ አይልም። ልዩነቱ ይህች ናት። ትንሽ ናት፤ ግን አለች።

ቀኑ እየገፋ ነው።

ሚያዝያ 21።

ዘ. ተናገረች። ሳትቀመጥ፣ ጋቢውን እያጠፈች።

«ለባሕር ማዶ ዘጠኝ ገጽ ጽፈሃል። ልጁን ለያዘው ሰው ግን አንድ መስመር አልጻፍህም።»

ለወራሪ አቤት ማለት ሥልጣኑን መቀበል ነው አልኋት። አንዴ ከጻፍሁለት ዳኛዬ አደረግሁት ማለት ነው። ሌላም ብዙ አልሁ፤ ረዘመ።

«ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ነው» አለች። ደብዳቤውን እሷ እንደምትወስድ፣ መልስ ሳትቀበልም ከደጁ እንደማትነቃነቅ ነገረችኝ። ብትያዢስ አልኋት። ጋቢውን በደንብ እንዳልታጠፈ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው።

ተቈጣሁ። በረንዳ ወጣሁ፣ ተመለስሁ፣ ደግሞ ወጣሁ። የምቃወምበት ምክንያት ሁሉ ልክ ነው። አንዱም ግርማን አያወጣውም።

ሚያዝያ 22። ገና ሳይነጋጋ።

ጻፍሁ። ሦስት ጊዜ ቀደድሁ። አራተኛው ይህ ነው። ዘ. ስንቋን ቋጥራ በር ላይ ትጠብቃለች፤ በቅሎዋ ተጭናለች። እኔ ብያዝ ወይም ብሞት ምን እንደተባለ ይታወቅ ዘንድ ግልባጩን ላንተ፣ ለደብተሬ፣ አስቀምጣለሁ።

«በደብረ ብርሃን ላለው ምሽግ አዛዥ። ይህን ስጽፍ በአገሬ ላይ ያለዎትን ሥልጣን መቀበሌ አይደለም። ልጄን መያዝዎን ብቻ አውቃለሁ። የፈለጉት እኔን ነው፤ እመጣለሁ። ግርማ በገዛ እግሩ ሄዶ፣ ከእናቱ ጋር የበሬሳን ድልድይ ተሻግሮ ከዓይን ከተሰወረ በኋላ፣ ብቻዬን፣ ያለ መሣሪያ እገባለሁ። ከዚያ በፊት አንድ እርምጃ አልራመድም። ልጁ ወደ ጠረፍ ከተጫነ ግን ውላችን የለም፤ ለዘለዓለም አያገኙኝም። ይህን ቃል የሚሰጠኝ መኰንን ማዕርጉንና ሙሉ ስሙን ይጻፍ። ቢዛወር የሚተካው ሰው አብሮ ይፈርም። በአስተርጓሚ አፍ የመጣ ቃል አልቀበልም። እሺ ወይም እምቢ ይበሉኝ፤ በጽሑፍ፣ ይህን ባመጣችው ሴት እጅ፣ እስከ ግንቦት 8 ቀን ድረስ።»