ከ1003 ቀጥሎ

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

የዓይን ክሊኒኩ ዝርዝር ዛሬ መጣ። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ 1200 ሰዎች። ሦስት መዝጋቢዎች በሁለት ዓመት ውስጥ የጻፉት... ሦስቱም በየፊናቸው። አንዷ ተራ ቁጥሩን «ቁ.17» ብላ ትጽፋለች። ሌላዋ «17ኛ»። ሦስተኛው 17 ይልና ነጥብ፣ ከነጥቡ ቀጥሎ ሰረዝ፣ ከሰረዙ ቀጥሎ አንዳንዴ «ደውላ ነበር»። ተራ ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ! ማን ናት የደወለችው? ምን ፈልጋ?

የኛ ሥራ ይሄን ጉድ አጽድቶ ድረ ገጽ ላይ በወረፋ መደርደር ነው። ተረኛው በስልኩ መልእክት ይደርሰዋል፣ ማረፊያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለው ስክሪንም ያሳያል። ከእንግዲህ መዝገብ ማገላበጥ የለም፣ በዘመድ መግባት የለም። ይቺን የመጨረሻዋን አለቃዬ ለክሊኒኩ ሰዎች ሲያስረዳ ሦስት ጊዜ ደጋግሟታል።

አክስቴም አለችበት። 1004ኛ። ክሊኒኩ በሳምንት አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚሠራው፣ ስድስት ማክሰኞ፣ ስድስት ሐሙስ። አሰላሁት... ዓመት ከሰባት ወር። በግል ለማሠራት አቅማችን አይፈቅድም። ስሟን ትንሽ አየሁትና ወደ ነጥቦቼ ተመለስኩ።

ጥቅምት 8፣ ሐሙስ

አጸዳሁት። «ቁ.» ወጣ፣ «ኛ» ወጣ፣ ነጥቡ፣ ሰረዙ፣ ከፊትና ከኋላ የተለጠፈው ባዶ ቦታ፣ «ደውላ ነበር» እንኳ ሳትቀር። ምን የመሰለ ነገር ሆነ! ደጋግሜ እያየሁ ስደሰት ዋልኩ።

ከዚያ ፈተሽኩት። ሰባት ሰው አስገባሁ፣ ከአንድ እስከ ሰባት፣ አዘበራርቄ። ደርድር አልኩት። ቀጥ አድርጎ ደረደረ። አለቃዬ በሙሉው ዝርዝር ሞክረኸዋል ወይ አለኝ። ሰባት የደረደረ ሺህ መደርደር ያቅተዋል እንዴ አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ጥቅምት 13፣ ማክሰኞ

ትናንት ሥራ ጀመረ። ዛሬ ለመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ሰዎች መልእክት ሄደ። ስድስቱ ለሚመጣው ማክሰኞ፣ ስድስቱ ለሐሙሱ።

ከሰዓት በኋላ የአክስቴ ልጅ እያለቀሰች ደወለች። እናቷን ጠርተዋታል፣ ለሐሙሱ። አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር አለች። ኧረ እኔ የለሁበትም አልኳት። ወረፋው ነው፣ ሲስተሙ ነው፣ እኔ እጄን አላስገባሁም... ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ገባኝ። በስልክ አይወራም።»

ዘጋችው።

እንዴት ግን? ምናልባት ከፊቷ ያሉት ሌላ ቦታ ታክመው ይሆናል። ወይ ስልክ ቀይረው። አንድ ሺህ ሰው ስልክ ይቀይራል? ነገ አየዋለሁ።

ጥቅምት 14

አላየሁትም።

ጥቅምት 17፣ ቅዳሜ

አክስቴ ቤት ምሳ። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል። ሥራዬ ምን እንደሆነ ሳስረዳ አምስት ዓመት ሆነኝ፣ የገባው ሰው የለም። አጎቴ ከሰው ሲያስተዋውቀኝ «ኮምፒውተር ይጠግናል» ነው የሚለው። ዛሬ ሁሉም በአንዴ ገባቸው። ሰው የማስገባ ሰው ነኝ። የተሻለው ወንበር ተለቀቀልኝ። እምቢ ብልም ደግሜ ጎረስኩ። አጎቴ ቀስ ብሎ አጠገቤ መጣና፣ እሱ እንኳ ዓይኑ ደህና ነው፣ ግን የጉልበቱን ዝርዝር የሚሠራው ማን ነው? አላውቅም አልኩት። ዓይኑን ጠቀሰኝ። መካድ በጀመርኩ ቁጥር ይብሱን ያምናሉ። በመጨረሻ ተውኩት። እውነቱን ልጻፍና... ደስ ብሎኝም ነበር።

አክስቴ ብቻ አላመሰገነችኝም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች፣ ፋይል ጠፋ የሚባል ነገር የማታውቅ ሴት። ዛሬ ውሃ ስትቀዳልኝ ብርጭቆውን ሳተችው። ጠረጴዛውን ላጥበው ብዬ ነው አለች። ሁላችንም ሳቅን፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ልወጣ ስል ኮሌታዬን ያዘችኝ።

«ማንንም አላስቀየምክም አይደል?»

ማንንም አልኳት።

ጥቅምት 19፣ ሰኞ

ስክሪኑ ደብዝዟል ብለው ከክሊኒኩ ጠሩኝ። ሲስተር፣ ማለትም ዋናዋ ነርስ፣ በሩ ላይ ተቀበለችኝ። አዲሱ አሠራር እንዴት ደስ እንዳላት! ሰው ለምን እገሌ ቀደመኝ ሲላት፣ ኮምፒውተሩ በሕመሙ ክብደት ነው የሚመርጠው ብላ ታስረዳለች። እንደዚህ የሚባል ነገር አልሠራሁም። አመሰገነችኝ። ምንም አይደል አልኳት።

ወንበር ላይ ቆሜ ስክሪኑን ስጠርግ አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉኝ። ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ሜትሩ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። በየጠዋቱ ይመጣሉ አሉ፣ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ። ተራ ቁጥራቸው 9 ነው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በኮምፒውተር ዘጠኝ ከአሥር በፊት ነው በኋላ?»

በፊት ነው አባቴ፣ አልኳቸው።

«እኔም እንደሱ ነበር የማውቀው። ግን አሥርን ጠሩት። መቶን ጠሩት። ሺህንም ጠሩት። ምናልባት ተለውጦ ከሆነ ብዬ ነው።»

ቢያሾፉብኝ ይሻለኝ ነበር። ከልባቸው ነው የጠየቁት። ዞር ብዬ ስክሪኑን አየሁት። 1፣ 10፣ 100፣ 1000፣ 1001፣ 1002...

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጥቡን አጸዳሁ፣ ሰረዙን አጸዳሁ፣ የቀረው ነገር ቁጥር መሆኑን ግን ለኮምፒውተሩ አልነገርኩትም። እሱ እንደ ቃል አነበበው። በመዝገበ ቃላት በ«ሀ» የሚጀምር ሁሉ ከ«ለ» እንደሚቀድም፣ በ1 የሚጀምር ሁሉ ከ2 ቀደመ። ለዚህ ነው 1004 ስምንተኛ የሆነችው። ልብስ ሰፊው 1090ኛ ናቸው። ከአንድ እስከ ሰባት ብቻ ብትፈትሽማ ሁሌም ልክ ነው፣ እኔ ሊቁ!

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ አይሳሳተውም። ዘመዱን አስገባ ቢሉኝ ይሻለኛል እኮ... ሌባ ቢያንስ ሥራውን ያውቃል።

ማረሚያው አንድ መስመር ነው። አሁን ብጽፈው አሁን ያልቃል። ግን ሐሙስ... ሐሙስ የሷ ነው። አርብ ጠዋት አርመዋለሁ። ሁለት ዓመት ለጠበቀ ሰው አራት ቀን ምን አላት?

ጥቅምት 20፣ ማክሰኞ

ስድስት ሰው ተሠራ። ከስድስቱ ወረፋው የደረሰ አንድ ብቻ ነው። እኔ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የድረ ገጹን ቀለም ሳሳምር ዋልኩ። አለቃዬ ክሊኒኩ ረክቷል አለኝ።

ጥቅምት 21፣ ረቡዕ

ከሥራ በቀጥታ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ለነገ ልብሷን አጣጥፋ አዘጋጅታለች። ስሜን ከዝርዝሩ ላይ አንብብልኝ አለች፣ መስማት አምሯት። ስልኬ ላይ ከፈትኩና ስሟን አነበብኩላት። አይ፣ ከላይ ጀምር አለች። ምን ያደርግልሻል አልኳት። ሠላሳ ዓመት ዝርዝር ከመሃል አንብቤ አላውቅም አለች።

ጀመርኩ። አንድ... አሥር... መቶ... ሺህ...

«ቆይ። ሁለት የታለ?»

ራሷ ወዲያው ደረሰችበት። ቁጥሩን እንደ ስም ነው የደረደርከው አለችኝ። መዝገብ ቤት አንድ አዲስ ሠራተኛ እንዲህ አድርጎ ነበር፣ በሁለተኛው ቀን ወደ ጥበቃ ክፍል አዛወሩት። ይሄን ብላ መሳቅ ጀመረች። እንባዋ እስኪወርድ። ከቅዳሜ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰዳትም ነበር። «እኔ እኮ ለኔ ብለህ ያጭበረበርክ መስሎኝ... ለካ አለማወቅ ነው!» አቅፋ ሳመችኝ። ባለማወቄ እንዲህ የተደሰተብኝ ሰው አላጋጠመኝም።

ከዚያ፣

«መቼ ነው የታየህ?»

አሁን ማለት እችል ነበር። ፊቷ ላይ ሳቁ ገና አለ...

«ሰኞ» አልኳት።

ሳቁ ጠፋ። አጣጥፋ ያስቀመጠችውን ልብስ በእጇ ፈልጋ አገኘችው። አንስታ ቁምሳጥን ውስጥ ከተተችው።

«አርመው።»

ነገ ያንቺ ነው እኮ፣ ካንቺ በኋላ አርመዋለሁ፣ አንድ ቀን ናት... አላስጨረሰችኝም።

«እዚሁ እያለሁ አርመው።»

ላፕቶፔን አወጣሁ። አንድ መስመር። ከዚያ አንብብ አለች። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... ዘጠኝ ላይ ስደርስ ማን ናቸው አለች። ልብስ ሰፊ ናቸው አልኳት። ልብስ ሰፊ፣ ያለ ዓይን... አለችና ራሷን ነቀነቀች። የራሷንም ከነጎረቤቶቿ አስነበበችኝ። 1003፣ 1004፣ 1005። አዎ፣ ቦታዬ ነው አለች።

ጥቅምት 23፣ አርብ

ትናንት ስህተቱን ነግሬያት ሲስተር ከጠዋቱ ጀምራ ከ2 እስከ 7 ላሉት ደወለች። ስድስቱም መጡ፣ አንዷ በነጠላ ጫማ። ቀጠሮ ለተሰረዘባቸው መልእክት ጻፍኩ። «በሲስተም ማሻሻያ ምክንያት» ብዬ ጀምሬ ነበር፣ አጠፋሁትና «በእኔ ስህተት» አልኩ። አለቃዬ ይሄንንም አጥፍቶ «በቴክኒክ ምክንያት» አደረገው።

ለሱም ነገርኩት። መጀመሪያ እጁን አወዛወዘ። አክስትህን እንዳስገባሃት አውቄያለሁ፣ ሰው ነህ፣ አልፌዋለሁ አለኝ። አይደለም፣ ስህተት ነው አልኩት። ምን ዓይነት ስህተት? አስረዳሁት። ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ ግን ያሳፍራል» አለ። ከደሞዜ ሳይሆን ከክብሬ ቆረጠ ማለት ነው። ሰኞ ላይ ማወቄንም ነገርኩት። ያቺን ከቁም ነገር አልቆጠራትም።

የአክስቴ ልጅ ስልኬን አታነሳም። መልእክት ግን ላከች። «ለባዳ የምትሆን፣ ለእናቴ የማትሆን።» አጎቴም ኮምፒውተር ጠጋኝነቴን መልሶልኛል።

ኅዳር 11

ልብስ ሰፊው ቢሮ ድረስ መጡ። አንድ ዓይናቸው ተሠርቷል። ሊያመሰግኑኝ! እባክዎ አያመስግኑኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው። የሰሙኝ አልመሰለኝም። ላይ ታች አዩኝና፣ ይሄን ኮት ማን ነው የሰፋው ልጄ፣ ግራ እጅጌው አጥሯል አሉ። ለሦስት ዓመት ለብሼዋለሁ፣ አላየሁትም።

ታኅሣሥ 3

አሁን ልማድ ሆኗል። ከሥራ ስወጣ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ፣ ጋዜጣ አነብላታለሁ። መጨረሻ ላይ ዝርዝሩን። ሦስት መስመር ብቻ፣ 1003፣ እሷ፣ 1005። እንዳላንቀሳቀስኳት ታረጋግጣለች። አታምኚኝም ማለት ነው? አልኳት። ስለማውቅህ ነው አለች።

ጥር 16

ደረጃ ሳተች። ክንዷ ተጠቅልሏል። ምንም አይደለም ትላለች። ልጇ አሁንም አታናግረኝም፣ በሩን ትከፍትልኝና ወደ ውስጥ ትገባለች። ይሄን ጽሑፍ ስጽፍ ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ እንጃ።

የካቲት 22፣ አርብ

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ጎራ አልኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ፀሐይዋ ከፊት ለፊቴ በመስኮቱ ገብታ ቤቱን ሞልታዋለች። ሁለት እርምጃ ያህል ቀርቼ ፊት ለፊቷ ቆምኩ። ፈገግ ብዬ።

«ማን ልበል?» አለች። «ይግቡ።»

በእንግዳ ደንብ። እኔ ነኝ አልኳት። ደንገጥ ብላ፣ ጀርባህን ለብርሃኑ ሰጥተህ እኮ ነው አለች። አልሰጠሁም።

ቢሮ ገባሁ። ትናንት 213ኛው ሰው ተሠርቷል። ከፊቷ ገና ወደ ስምንት መቶ ሰው አለ። ዝርዝሩን ከፈትኩ። ከ214 ቀጥሎ አስገባኋት። ጥቅምት ላይ ምንም ሳላደርግ ያ ሁሉ ወሬ... ዛሬ አደረግኩት፣ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ኮዱም እንከን የለውም፣ በ1200ውም ፈትሼዋለሁ።

ከሥራ በኋላ ጋዜጣውን አነበብኩላት። ከዚያ እንደወትሮው ዝርዝሩን አለች። አታይም እኮ። 1003፣ ስሟ፣ 1005 ብዬ ማለፍ ነው። አንዲት ስም መሃል መጨመር። መንገድ ላይ ስለማመደው ነው የመጣሁት።

1003 አልኩ። የሰውየውን ስም አነበብኩ።

እዚያ ላይ ቆምኩ።

ጋዜጣውን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ።

«የት አደረግከኝ?» አለች።

«ከ214 ቀጥሎ።»

እጇን ዘርግታ ፈለገችኝ። ትከሻዬን ሳተችው፣ ደግማ ሞክራ አገኘችው።

«ጠዋት ከሄድክ ጀምሮ፣ ዛሬ ቢያደርገው ብዬ ስመኝ ነው የዋልኩት» አለች። እጇ ትከሻዬ ላይ ትንሽ ቆየ። «መልሰኝ።»

መለስኳት። ከዚያ ሦስቱን መስመር እንደገና አነበብኩላት፣ ቀስ ብዬ።