እህቴ ካይሮ የቀረችበት ዓመት

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14
ብርድ። መኪናዬ ዛሬም እምቢ አለች፤ ልጄ ሮሃ ሥራ አደረሰችኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ሔርሞን ከካይሮ ኮል አደረገች።
"ሰኒ፣ በረራ ወጣልኝ! በሚቀጥለው ወር ነው አሉኝ!"
ታናሽ እህቴ... ስንት ዓመት በስደተኝነት እዚያ ከረመች። እኔም ወደ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ የመጣሁት ከካይሮ ነው፤ እኔ ግን ቶሎ ወጣልኝ። የማስታምማቸው አሜሪካዊት አሮጊት ለብቻዬ ስስቅ አይተው "ዛሬ ምን ተገኘ?" አሉኝ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 23
ተሰረዘ። የሷ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካ ስደተኛ መቀበሏን ጭራሽ አቆመች። ሮሃ ስልኳን እያሳየችኝ "ማም፣ ኢትስ ኤቭሪባዲ" አለች። የሁሉም መሆኑ ሊያጽናናኝ ነው? ለሔርሞን ምን ልበላት... "ትንሽ ጠብቂ" አልኳት።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16
ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ወርቁን አገኘኋቸው። ካይሮ ጎረቤቴ ነበሩ።
"ያኔ እኮ ጥቂት ነበርን፤ ማን ልብ ይለናል?" አሉ። "አሁን ሱዳን ሲፈርስ ስንቱ ገባ! ኑሮው ለባለአገሩም ከብዷል።"
አዲስ ሕግ ወጥቷል። የስደተኛውን ምዝገባ ከተባበሩት መንግሥታት ተረክቦ የግብፅ መንግሥት ራሱ ሊይዘው ነው። መቼ? እንዴት? የሚያውቅ የለም። የሔርሞን መኖሪያ ፈቃድ ደግሞ ጊዜው አልፏል፤ ማሳደሻ ቀጠሮዋ ገና ከወራት በኋላ፣ ሰመር ላይ ነው። ፖሊሶች መንገድ ላይ ፈቃድ የሌለውን ሰው እየያዙ ነው አሉ።
ለሔርሞን ደውዬ "ከቤት አትውጪ" አልኳት።
"የሰው ቤት ማጽዳቴን ትቼ ምን ልብላ?"

ረቡዕ፣ ማርች 12
የማላውቀው የካይሮ ቁጥር። ራቢያ ነኝ አለች... ሱዳናዊት፣ የሔርሞን ጎረቤት። ዐረብኛው ጠፍቶብኛል። አንዱ ቃል ግን በደንብ ገባኝ፦ ወሰዷት። ሚኒባስ ስትጠብቅ።
አገር ቤት ቢመልሷትስ? ባሏን የገደሉት ሰዎች እኮ እዚያው ናቸው።

ዓርብ፣ ማርች 14
ምንም።

ማክሰኞ፣ ማርች 18
ተፈታች! ራቢያ ጠበቃ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ስትመላለስ ከርማ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ... የሔርሞን ድምፅ የሌላ ሰው ሆኗል።
"ፎቅ ላይ ያሉት ልጆች ወደ ሊቢያ ሊሄዱ ነው። ከዚያ በባሕር። አብሬያቸው ልሄድ ነው።"
"ሔርሚ፣ በማርያም፣ ትንሽ..."
"ጠብቂ እንዳትይኝ!" ዘጋችው።
መቀመጥ አቃተኝ። ከሳሎን ኩሽና፣ ከኩሽና ሳሎን። ሌላ ምን አለኝ የምሰጣት?

ረቡዕ፣ ማርች 19
ሮሃ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰችኝ። "ሶ ጎ፣ ማም።"
"የት?"
"ቱ ሄር። ዩ ካን።"
እውነትም ወደሷ መሄድ እችላለሁ! የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ፤ ቪዛውን አየር ማረፊያው ላይ ይመቱልኛል። በስደተኝነት የወጣሁበት አገር... ማኔጀሬን ፈቃድ ጠየቅኳት፤ ሰው የለኝም አለች። ሥራውን ለቀቅኩ። ለሔርሞን "እየመጣሁ ነው" ብዬ ጻፍኩላት።
"እውነት?" ብላ መለሰች።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 7፣ ካይሮ
የፎቁ ልጆች ትናንት ወደ ሊቢያ ሄዱ። ሔርሞን ደረጃው ላይ ሸኝታቸው፣ አልቅሳ ተመለሰች። ለምን እንደቀረች አልጠየቅኳትም።
ዛሬ ጠዋት እስከ ሥራዋ አብሬያት ወጣሁ። መንገድ ላይ ፖሊስ አስቆመን። ፓስፖርቴን ገለጥ አድርጎ "ዌልካም" አለኝ። ከዚያ ወደ ሔርሞን ዞረ። ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች።
"እህቴ ናት" አልኩት።
ፊቴን አየ፣ ፊቷን አየ። ቁርጥ አንድ ነን። በእጁ እለፉ አለን።
እኔ የሌለሁ ቀንስ? እሱን አላውቅም። ፈቃዷን እስኪያድሱላት ግን ቪዛዬን እያራዘምኩ እዚሁ ነኝ፤ ቀጠሮው ቀን አብረን እንሄዳለን።
የምታጸዳው ቤት በር ላይ ስንደርስ ክንዴን ለቀቀችኝ። ገባች... ተመልሳ ብቅ አለች።
"ማታ መጥተሽ ትወስጂኛለሽ?"
"እመጣለሁ" አልኳት።