ያልበየድኩት ዳዮድ

ረቡዕ፣ የካቲት 11። ጠዋት 3፡00

ኪዳን አድርሼ ሱቅ ከፈትኩ። የሱሉልታ ብርድ አልቀነሰም። ጎረቤቴ ሌሊሴ የጫጩት ማሞቂያዋን መቆጣጠሪያ ይዛ መጣች። እኔው የሠራሁላት። ሲበርድ አምፖሉን ያበራል፣ ሲሞቅ ያጠፋል። ሁለተኛ መቃጠሉ ነው። ጠዋት ስታይ አምፖሉ ጠፍቷል፤ ጫጩቶቹ ጥግ ላይ ተደራርበው ሞተዋል። መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለ ነው ያቃጠለው አልኳት። እኛ ባለሙያዎች ሁሌ የምንለውን። አምናኝ፣ መርቃኝ ሄደች።

ዓርብ 13

ፈታሁት። ከመብራቱ በኩል ያለው ሁሉ ደህና። የሞተው ትራንዚስተሩ ብቻ፣ እንደ በፊቱ። ትራንዚስተሩ የሚያዘውን የአምፖሉን ማብሪያ፣ ሪሌዩን፣ በባትሪ ሞከርኩ። ከባትሪው ስነጥለው ጣቴን ቆነጠጠኝ። ዐሥራ ሁለት ቮልት እንዲህ አይቆነጥጥም! ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ኤሌክትሪኩ ድንገት ሲቋረጥበት የያዘውን ኃይል ይተፋል። አንድ ዳዮድ በጥቅሉ ጫፎች ላይ ተገልብጦ ቢገባ ለተፋው መመለሻ መንገድ ይሆነው ነበር። ከሌለ ሁሉም ትራንዚስተሩ ላይ ይወርዳል። ቡራዩ ስሠለጥን ተምሬዋለሁ።

ይህን ስሠራላት ግን ዳዮድ አልቆብኝ ነበር። ያለሱም ሪሌዩ ቀጭ አለ፣ አምፖሉ በራ። ተውኩት።

ቅዳሜ 14። ከቀኑ 9፡00

ሌሊሴና ባሏ ቶላ ተጣሉ። የግቢያቸውን መብራት የዘረጋው እሱ ነው። ካጥሩ ማዶ ይሰማል።

«ኦቦ ግርማ ራሳቸው ነገሩኝ እኮ! ጫጩቶቼን የፈጀው ያንተ ሽቦ ነው!»

«እንግዲያ እሳቸውን አግቢያቸዋ!»

ሰኞ የጫጩቱን ቤት አፈርሰዋለሁ አለ። እሷም አፍርሰው፣ በቃኝ አለች።

ቆይቶ ሱቅ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኦቦ ግርማ፣ የቱ ጋ ነው ያበላሸሁት? ይንገሩኝ» አለኝ። መጥቼ አየዋለሁ አልኩት። ሁለተኛ ውሸት።

እሁድ 15

ቤ/ክ ቆሜ ሐሳቤ ባለቤቴ ታደለች ጋ። ነፍሷን ይማር። ድሮ ሬዲዮኑ ሲቃጠል አንቺ ነሽ ብያት ነበር። ጥፋቱ የኔ ብየዳ ነበር። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ! ከዚያ ወዲያ አልነካችውም፤ ዜና ስትፈልግ እኔን ትጠብቃለች። ሳልነግራት ቀበርኳት። ለንስሐ አባቴም ይቺን እየዘለልኩ ስንት ዓመት።

ሰኞ 16፣ ኪዳነ ምሕረት። ጠዋት 1፡30

ትራንዚስተሩን ቀየርኩ፣ ከአሮጌ ቻርጀርም ዳዮድ ነቅዬ በየድኩ። ነጭ መስመሩ ወደ ፕላስ። እያበራሁ እያጠፋሁ ጣቴን አስነካሁ። አይቆነጥጥም። ይህን ያህል ነበር ሥራው።

ዕቃውን ብቻ ሰጥቼ ዝም ልል አስቤ ነበር። አይሆንም። ለሁለቱም እነግራለሁ፣ አንድ ላይ፣ እሷ እየሰማች፤ ሽቦህ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የ

ካጥሩ ማዶ መዶሻ ጀመረ። ደብተሬ፣ ሄድኩ