አባባ ሥዕልህ ፊት የቆመባት ሰዓት

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሳሉ ለቀቀህ? ከቀለሙ ሽታ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መተኛቱንስ ተውክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከአንተና ከአባባ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «አንድ ሰዓት ሙሉ ሥዕሌ ፊት ተገትሮ አንዲት ቃል ሳይለኝ ሄደ፤ ከእንግዲህ አባት የለኝም» ትላለህ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቴም ንዴቴ ባሰበት። በአርባ ስምንት ዓመትህ እንደ ሕፃን ስታኮርፍ አታፍርም?

እስቲ ከሥሩ ላስታውስህ። አባባ ታፔላ ጽፎ ነው ያሳደገን። ብሩሹን ላውርስህ ሲልህ አንተ ጸጉርህን ትከሻህ ላይ ለቀህ፣ ሳይኬደሊክ ሮክ የሚባል የፈረንጅ ሙዚቃ ነው እያልክ አንዱን ዘፈን ሃያ ደቂቃ ታስጮኸው ጀመር። እሱ «የድመት ጠብ» አለው። ራዲዮ ላይ በመጣህ ቁጥር ያስዘጋው ነበር፤ የእሱ እጅ ቀለም በቀለም ስለሆነ ዘጊዋ እኔ ነበርኩ። ሰው ከከተማ ከተማ እየተከተለ ሲሰማህ እኛ ቤት ስምህ አይነሳም። ሃያ ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን ባንዱን በትነህ ብሩሽ ያዝክ። ለምን እንደሆነ ለእኔ እንኳ አልነገርከኝም። ለአባባ ያበሰርኩት እኔ ነኝ። ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

የኤግዚቢሽኑ ጥሪ ሲመጣ ኮቱን ሁለቴ አስቀየረኝ። በሩ ላይ ክንዴን ያዘ። አንተ ይህንንም «እንደ ባለሥልጣን ተደግፎ ገባ» ብለህ ጽፈኸዋል። አዎ፣ ተደግፎ ገባ። አንተ ከጋዜጠኞቹ ጋር ስታወራ እኔ በጆሮው እነግረው ነበር፦ «በግራ በኩል ቢጫ አለ፣ መሃል ላይ መሰላል የተሸከመ ሰውዬ አለ፣ አባባ፣ ሰውዬው አንተን ይመስላል።»

«ቢጫው ምን ዓይነት ቢጫ ነው?» አለኝ።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የቢጫ ዓይነት ከየት አባቴ አውቃለሁ? «ድሮ ለዳቦ ቤቱ የጻፍከው ታፔላ ዓይነት» አልኩት። ያኔ ነው ተገትሮ የቀረው። አንተ ያየኸው ይህንን ነው።

በእናታችን ነፍስ አስምሎኛል። ስለዚህ ምንም አልነገርኩህም፤ ሥራ ያቆመው ጉልበቱን አሞት ነው ያልኩህም እንዳለ ነው። ያደረግነውን ብቻ ነው የጻፍኩልህ። ለልጅህ ብትነግረው ምናለ ብዬ ስንቴ ለመንኩት መሰለህ። ገና ወደ ሙያዬ መምጣቱ ነው፣ አዝኖ ይተወዋል ይለኛል። እልኸኝነታችሁ አንድ፣ መልካችሁ አንድ፤ መሃል ገብቼ የምደርቀው እኔ።

ትናንት ከምሳ በኋላ የድሮ ካሴትህን አምጪ አለኝ። ሁለቱንም ገጽ አዳመጠ። ሲያልቅ፣ «ሲዘፍን ጆሮዬን ደፈንኩበት። ሲስል ደግሞ...» ብሎ ተወው። እኔም ጨርሰው አላልኩትም።

ሰለቸኝ። የሁለታችሁ መልእክተኛ ሆኜ አረጀሁ። ፈጣሪ እጅህን ይባርክልህ፣ ኩርፊያህንም ይንቀልልህ። እሑድ ና። ስትገባ ግን እንደ ልማድህ በሩ ላይ ቆመህ እስኪያይህ አትጠብቅ። ቀድመህ «አባባ፣ እኔ ነኝ» በለው።

መታከት የማያውቃት የምትመስልህ
ታላቅ እህትህ